ትንሿ ቀስት

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ተራ ቀን። ጠዋት ለጽሕፈትና ህትመት ሱቄ ወረቀት መጣ፤ ግማሹ እርጥብ። መለስኩት። ትልቁ ፕሪንተር እንደ ልማዱ ሳል ሳል አለውና ሰው ሲበዛ ተሻለው። ብቻውን ሲሆን ነው የሚያመው።

ከሰዓት በኋላ መዋዕለ ሕፃናቱ ሄድኩ። ዳይሬክተሯ "ኮምፒውተሬ እየተኛብኝ ነው" እያለች ስትለምነኝ ከርማለች። ቀዩን ፍላሼን ይዤ ሄድኩ። ከሱቁ ቁልፍ ጋር አስሬ ነው የምይዘው። "መድኃኒት" እለዋለሁ፤ ውስጡ ያለው ፎልደርም ስሙ "መድኃኒት" ነው። ከኢንተርኔት በነፃ የሚወርዱ ፕሮግራሞች ናቸው። አንዱ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮት የሚነሳውን ሁሉ ዘርዝሮ ያሳያል፤ አንዱ አሁን ውስጡ ማን ምን እየሠራ እንደሆነ ይናገራል፤ አንዱ ቫይረስ አድኖ ይጠርጋል። ሳንቲም አልከፈልኩባቸውም። ስንቱን ኮምፒውተር ከሞት መልሼባቸዋለሁ!

የዳይሬክተሯ ደግሞ ጉድ ነው። ያልገባበት ነገር የለም። ጠርጌ፣ ጠርጌ... ምን ምን እንደነበረ እንኳ አላየሁም፤ ቀይ የሆነውን ሁሉ አጠፋሁ። ፈጠነላት። "እጅሽ ይባረክ" አለችኝ። ተባርኬ ተመለስኩ።

ሱቅ ስደርስ ሚጢጢ ብቻዋን ነበረች። የባሌ ታናሽ እህት ናት። ቤተሰቡ በልጅነቷ ሚጢጢ አላት፤ ዛሬ በር የምታህል ሴት ሆናም ስሙ አልለቃትም። ከነሐሴ ጀምሮ እኛ ጋ ናት። ልታገባ ነበር፤ ሰውየው ሐሳቡን ቀየረ፤ አንድ ሻንጣ ይዛ መጣች። የመስኮቱን ኮምፒውተር ሰጠኋት። ትጽፋለች፣ ታትማለች፣ ትጠርዛለች። እጇ ፈጣን ነው፤ ይህን አልክድም።

ግን ስገባ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጠቅ አድርጋ ዘጋችው። ምንድን ነው የሚዘጋው?

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

የጓዳው ኮምፒውተር ላይ መድኃኒቱን ስሰካ አንቲቫይረሱ ጮኸ። "አደገኛ ፋይል ተገኝቷል።" የት? መድኃኒቱ ላይ! ሳቄ መጣ። አንቲቫይረስ ድሮም እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን አይወድም። እንደ ቫይረሱ ውስጥ ድረስ ስለሚቆፍሩ ፖሊሱንም ከሌባው ጋር ደርቦ ያስራል። ከዚህ በፊትም አድርጎታል። "ፍቀድለት፣ ሁለተኛ አትጠይቀኝ" የሚለውን ተጫንኩ። እግረ መንገዴን ሦስቱም ኮምፒውተሮች ላይ እንደዚያው። ከጩኸት ተገላገልኩ።

ወደ ቤት ከገባሁ በኋላ ለእህቴ ደወልኩ። ሳሎናችን መኝታ ቤት ሆነ፣ ዕቃ የማስቀምጥበት አጣሁ፣ ጠቦናል አልኳት። ለወሬ ያህል። ሚጢጢ ወጥ ቤት ሳህን እያጠበች ነበር። የውሃው ድምፅ ቆም ያለ መሰለኝ... ወይስ ጨርሳ ነው?

ጥቅምት 8፣ ዓርብ

ነገር መጣ።

"እትዬ፣ ነይ እስቲ ይህን እዪው።" የሚጢጢ ድምፅ ቀጥኗል። የመስኮቱ ኮምፒውተር ላይ አንዲት ተመራቂ ያስቀመጠችው የመመረቂያ ጽሑፍ አለ፤ ዛሬ የሚታተም፣ ዛሬ የሚጠረዝ። ልጅቷ አጠገባችን ቆማለች። ፎልደሩ አለ፤ ግን ጥጉ ላይ ትንሽ ቀስት አብቅሏል። ሲከፍቱት አንድ ጥቁር ነገር ብልጭ ይልና ይጠፋል፤ ከዚያ እሺ ሲል ይከፈታል፣ እምቢ ሲል እምቢ። ሌሎቹም ፎልደሮች ያው። ሁሉም ቀስት።

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። "የሁለት ዓመት ልፋቴ ነው!" አይዞሽ አልኳት። ይህን አውቀዋለሁ። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በቦታው አምሳያውን ያስቀምጣል። አምሳያውን የከፈተ ሰው መጀመሪያ ቫይረሱን ይቀሰቅሳል፣ ቀጥሎ ፎልደሩ ይከፈትለታል። የከፈተው ሰው ምንም አይጠረጥርም።

መድኃኒቱን አመጣሁ። አብሮ የሚነሳውን በሚዘረዝረው ፕሮግራም ስፈልግ፣ መሃል ላይ ይኸው፤ ፊደል እንደ ቆሎ የተበተነበት የሚመስል ስም። ማንም ጤነኛ ፕሮግራም እንዲህ ተብሎ አይጠራም። አጠፋሁት። የተደበቀውን አወጣሁ፣ አምሳያዎቹን ጠረግሁ። ጽሑፉ አንድ ገጽ ሳይጎድል ተገኘ። ልጅቷ አቀፈችኝ። ስጨርስ መድኃኒቱን አንዴ ደግሜ ከፍቼ፣ ሌላ ነገር ቀርቶ እንደሆነ አየሁ። ምንም።

ሁለቱን አዳንኩ፣ ጽሑፉንም ልጅቷንም። አንድ ጥያቄ ግን ቀረ። ማን አመጣው? የመስኮቱን ኮምፒውተር ሚጢጢ ብቻ ናት የምትሠራበት።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

ተመልሷል! ያው ቀስት፣ ያው ኮምፒውተር። ዓርብ በገዛ እጄ የጠረግሁት! የጓዳውም ላይ መጣ።

የጓዳውን ጭራሽ አጥፍቼ ከባዶ ጫንኩት። ከሰዓቱን በሙሉ ፈጀብኝ። "ከዛሬ ጀምሮ ይህን ከእኔ በቀር ማንም አይነካውም" አልኩ፤ ማንም ማለቴ ማንን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ከእሷ ሌላ ሰው አልነበረም። ሚጢጢ "እሺ እትዬ" አለች። ለምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችም። ንጹህ ሰው አይጠይቅም?

አሁን ነው ልብ ማለት የጀመርኩት። አንገቷ ላይ በክር ያሰረችው ሰማያዊ ፍላሽ አለ። የሱቁን ትርፍ ቁልፍም እዚያው ክር ላይ ነው ያሰረችው። ፍላሹን ትሰካለች፣ ትነቅላለች፣ ደረቷ ውስጥ ትከተዋለች። ምን አለበት?

ደግሞ በምሳ ሰዓት መንገዱን ተሻግራ ባለመነጽሩ ጋ ስትገባ አየኋት። ባለመነጽሩ ፊት ለፊታችን የከፈተው ነው፤ ያው የእኛ ሥራ፣ ጽሑፍ፣ ህትመት፣ ጥረዛ። ፈገግታው ቅቤ ነው። ሚጢጢ ወረቀት ይዛ ወጣች። አጣጥፋ ቦርሳዋ ከተተችው። ማተሚያ አጥታ ነው? እዚህ ሁለት ፕሪንተር ተቀምጦ?

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ዛሬ ያደረግሁትን ለማንም አልናገርም። ይህን ደብተር በእጄ የምጽፈውም ለዚህ ነው፤ ኮምፒውተር አላምንም።

ሚጢጢ እጇን ቀለም ነክቷት ልትታጠብ ወጣች። ፍላሿን ጠረጴዛ ላይ ትታው። አነሳሁት። የሰው ኪስ የገባሁ መሰለኝ። አዲስ የጫንኩት የጓዳው ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። ቀስት የለም። ፎልደሮቹ ደህና። አንቲቫይረሱም ዝም።

ንጹህ? ልቤ አልተቀበለውም። ንጹህ መሆኑ ራሱ አሳሰበኝ፤ ትናንት ቀስቱን ስታይ ጠርጋው ይሆን? አንድ ምርመራ አይበቃም ብዬ መድኃኒቱን ጎን ለጎን ሰካሁ። አዲሱ አንቲቫይረስ በመድኃኒቱ ላይ ደግሞ ጮኸ። ይኸው ጀመረ! ፍቀድለት፣ አትጠይቀኝ። መድኃኒቱን ከፍቼ ፈላጊውን አስነሳሁ፤ ይንቀረፈፋል። ገና ሳይጨርስ የሚጢጢን ኮቴ ሰማሁ። ሁለቱንም ነቅዬ ፍላሿን ቦታው መለስኩ።

ገባች። ፍላሹን አየች፣ አየችኝ። አንገቷ ላይ አጠለቀችው። ያስቀመጥኩት ተገልብጦ ይሆን?

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

የጓዳው ኮምፒውተር። ከባዶ የጫንኩት። ከእኔ በቀር ማንም እንዳይነካው ያልኩት። ቀስት!

ጠዋት ቀድማ የከፈተችው እሷ ናት። ቁልፍ አላት። ከዚህ በላይ ምን ልፈልግ?

ለባሌ ነገርኩት። የሂሳብ መምህር ነው፤ ሁሉን ነገር በማስረጃ ይላል። "አይተሻታል?" አለኝ። አላየሁም። "እንግዲያው ምን ታውቂያለሽ?" የእህቱ ነገር ሲሆን ሂሳቡ ይበረታል! ቆይተው ወጥ ቤት ውስጥ ሁለቱ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ስገባ ዝም አሉ። ጨው ፈልጌ ነው አልኩ። ጨው እጄ ላይ ነበር።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ጠዋት ጠበቃው መጣ። የዓመታት ደንበኛችን ነው፤ ክስም መልስም እኛ ጋ ነው የሚያስጽፈው። በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ። "እመቤት፣ ምን አደረግኩዎት?" ትናንት ከእኛ ፋይል ጭኖ የሄደበትን ፍላሽ የችሎት ጸሐፊዋ ሰክታው፣ ሁሉም ቀስት ሆኖ፣ "ይህን በሽታ ይዘህ ውጣ" ብላ በሰው ፊት መለሰችው። "ፍላሼን የበከላችሁት እናንተ ናችሁ! ስንት ዓመት አምኜ!" ሱቁ ሞልቷል። ወረፋ የያዘው ሁሉ ፍላሹን ከጠረጴዛ ላይ ማንሳት ጀመረ። አንዱ እንዲያውም ወጣ። በመስኮቱ ወዴት እንደሄደ አየሁ። ወደ ባለመነጽሩ።

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ሱቁ እንጀራዬ ነው። ስም ያተረፍኩበት በስንት ልፋት ነው።

"ሚጢጢ፣ ፍላሽሽን አምጪ" አልኳት።

"የኔን?"

"የአንቺን።"

ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችኝ። ጠበቃው እያየ፣ ወረፋው እያየ ሰካሁት። ከፈትኩት። ቀስት። ቀስት። ቀስት። ማክሰኞ ንጹህ የነበረው!

"ይኸው!" አልኩ። "እጅ ከፍንጅ! ይህን ሁሉ ጉድ የምታመጪው አንቺ ነሽ። ከዚያ ማዶ ከፍለውሽ ነው? ንገሪኝ፣ ምን በደልኩሽ? ቤቴን ከፍቼ ባስገባሁሽ!"

"እትዬ... እኔ እኮ..." አለችና ተወችው። ከክሩ ላይ የሱቁን ቁልፍ ፈታች። ቋጠሮው እምቢ አላት፤ በጥርሷ ፈታችው። ቁልፉን ኪቦርዱ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ፍላሿን እንኳ አልወሰደችም።

የጠበቃውን ፍላሽ አጸዳሁለት። አመሰገነ፤ ግን ቀዝቃዛ ምስጋና ነው። ወረፋውን ለብቻዬ ሠራሁ። ያዝኳት አይደል? ታዲያ ለምንድን ነው ደስ ያላለኝ?

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ሻንጣዋን ወስዳ አክስታቸው ጋ ሄዳለች። ሳሎኑ ሰፋ። ሶፋው ላይ ትራሷ የነበረበት ቦታ ጎድጉዶ ቀርቷል።

"እህቴን በሰው ፊት ሌባ አልሻት" አለኝ ባሌ።

"ሌባ አላልኳትም። ቫይረስ ነው ያልኩት።"

"ያ ይሻላል?"

ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም። ሰላም የሚለው እንኳ ለጎረቤት ነው።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

ይኸው! ይኸው ጠርጥሬ ነበር!

መስኮቱን ስወለውል ቀና ብል፣ ማዶ፣ ባለመነጽሩ ሱቅ ውስጥ፣ ኮምፒውተር ፊት... ሚጢጢ! ገና ሦስት ቀን ሳይሞላት! ቦታዋ ተዘጋጅቶ ይጠብቃት ነበር ማለት ነው። የተጣጠፈው ወረቀት፣ የሚዘጋው ስክሪን፣ ሹክሹክታው... ሁሉም ገጠመ። ዐይን ለዐይን ተጋጨን። ቀድማ ያቀረቀረችው እሷ ናት። ወይስ እኔ ነኝ?

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

ቅዳሜ ሦስቱንም ኮምፒውተሮች አጥፍቼ ከባዶ ጫንኳቸው። ትናንትም ዛሬም ቀስት የለም። ከሄደች ወዲህ መድኃኒቱን ከኪሴ ማውጣት አላስፈለገኝም። ሰላም። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ይምጣ!

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ባሌ ሲዘጋኝ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ምን ያህል ያውቅ ነበር? ከእህቱ ጋር ምን ይጻጻፋል? ላፕቶፑን ቤት ትቶ ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው። እኔ ነክቼው አላውቅም፤ ሚጢጢም አትነካውም፤ ከእሱ በቀር የይለፍ ቃሉን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የትዳራችን ቀን ነው።

ለምሳ ቤት መጥቼ ከፈትኩት። መጀመሪያ በዐይኔ አየሁ። ፎልደሮቹ ደህና፤ አብረው የሚነሱትም ጤነኛ ስም ያላቸው ብቻ። መድኃኒቱን ሰካሁ። እዚህም ጮኸ፤ እዚህም ፍቀድለት አልኩት። በደንብ ፈተሽኩት። ምንም። የፈተና ጥያቄዎች፣ የተማሪ ውጤት፣ አንድ ፎልደር ሙሉ የእኔ ፎቶ... ሳላውቅ ያነሳኝ፣ ሱቅ ውስጥ ወረቀት ስቆጥር፣ አፌን ከፍቼ ስተኛ። ዘጋሁት። አፈርኩ። መቼም ጥርጣሬ የማይወስደኝ ቦታ የለም።

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

ጉዴ ነው። ጉዴ ነው።

ባሌ ጠዋት የፈተናውን ፍላሽ ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ ድንገት ቆመ። "ነይ" አለኝ። ከስንት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ። ሄድኩ። ፎልደሮቹ ላይ ቀስት።

"ይህን ላፕቶፕ ማን ነካው?" አለኝ።

ሚጢጢ የለችም። ሱቁ የለም። ደንበኛ የለም። ባለመነጽሩ የለም። ትናንት በምሳ ሰዓት ንጹህ ነበር፤ በገዛ ዐይኔ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ የነካው አንድ ሰው ነው።

"እኔ" አልኩት። ድምፄ አልወጣም። ደግሜ አልኩት።

ሱቅ ሄድኩ። አልከፈትኩም፤ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ። መድኃኒቱን ሰካሁና፣ ሳልከፍተው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ስንት ጊዜ ከፍቼዋለሁ! እጄ ያውቀዋል፤ ዐይኔ ግን አይቶት አያውቅም። "መድኃኒት" የሚለው ፎልደር፣ ጥጉ ላይ፣ ትንሽ ቀስት።

የተደበቀውን እንዲያሳየኝ አዘዝኩት። አምሳያው ፊት ለፊት፣ እውነተኛው መድኃኒት ከኋላ ተደብቆ፣ አጠገቡ ያ ፊደል የተበተነበት ፋይል። አንቲቫይረሱ የጮኸበት። በየኮምፒውተሩ "ፍቀድለት" ያልኩለት። በብዙ አንቲቫይረስ አንድ ላይ አስመርምሮ በነፃ ውጤት የሚሰጥ ድረ ገጽ አለ፤ እዚያ ላክሁት። ገጹ ከላይ እስከ ታች ቀላ። አንዱ ቢሳሳት ሁሉም ይሳሳታሉ? ፋይሉ ፍላሹ ላይ የገባበትን ቀን አየሁ። ጥቅምት 4። መዋዕለ ሕፃናቱ። እጅሽ ይባረክ!

እንግዲህ ያደረግሁት ይህ ነው። ኮምፒውተር እጠርጋለሁ፤ ስጨርስ መድኃኒቱን ደግሜ እከፍታለሁ፤ ያን ጊዜ መልሼ እዘራበታለሁ። ጠባቂውን በገዛ እጄ አፉን አስይዤዋለሁ። ከሄደች ወዲህ ሰላም የሆነው እሷ ስለሄደች አይደለም፤ እኔ መድኃኒቱን ሱቁ ውስጥ ስላልከፈትኩ ነው።

የሚጢጢ ፍላሽም... ማክሰኞ ንጹህ ነበር። ሰርቄ የሰካሁት እኔ፣ መድኃኒቱን አጠገቡ የከፈትኩት እኔ። ከዚያ ዓርብ በሰው ፊት "እጅ ከፍንጅ!"

እጅስ እጅ ነበር፤ የእኔ እጅ።

ጥቅምት 22፣ ዓርብ

ለባሌ ሁሉንም ነገርኩት። የፍላሿን ስርቆት ጭምር። የላፕቶፑንም ጭምር። ይጮሃል ብዬ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማኝና "ለእኔ አይደለም የምትነግሪው" አለ። እውነቱን ነው። ሁለት ቀን ብርታት አጣሁ... ምን ሁለት ቀን፣ ገና ዛሬ ነው። ሁለት ቀን የመሰለኝ ስላልተኛሁ ነው።

መዋዕለ ሕፃናቱ ሄጄ የዳይሬክተሯን ኮምፒውተር እንደ አዲስ ጠረግሁ። ዛሬ ከአንድ ንጹህ ቦታ ያወረድኳቸውን መሣሪያዎች ይዤ። "ምነው ፊትሽ?" አለችኝ። ብርድ ነው አልኳት።

ስመለስ ባለመነጽሩ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሚጢጢ አልነበረችም፤ ወረቀት ልትገዛ ሄዳለች አለ። ጠየቅሁት። ገና ቀድሞ እዚህ የምትመጣው ለምን ነበር?

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። "ሲቪ ልታትም። እናንተ እንዳታዩባት ነው። ሥራ ፈላጊ ነኝ አለችኝ። እኔ መቅጠር አላሰብኩም ነበር፤ ያን ዓርብ እንባዋን ሳይ ነው..." መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። "ለምን ትለቂያለሽ ብላት፣ ቤቱ ጠቧቸዋል፣ ሳላስቸግራቸው ቤት ልከራይ ነው ነበር ያለችኝ።"

የውሃው ድምፅ ቆሞ ነበር። ያን ምሽት፣ ለእህቴ ስደውል። ሳህን ጨርሳ አልነበረም።

የምትዘጋው ስክሪን ይኼ ነበር። የተጣጠፈው ወረቀትም።

ጥቅምት 25፣ ሰኞ

መልእክት ልላክላት አሰብኩ። ማታ ቤት ልጥራት አሰብኩ። በባሌ በኩልስ? አይሆንም። በሰው ፊት ያልኩትን ጓዳ ውስጥ ብመልሰው ምን ዋጋ አለው?

ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ሱቄን ዘግቼ ተሻገርኩ። ባለመነጽሩ ጋ ወረፋ ያዝኩ፤ እንደ ደንበኛ። ከፊቴ ያለው ጀርባ የማውቀው ነበር። ጠበቃው! ለካ እዚህ ሆኗል። ዞር ሲል አየኝ፣ ግራ ገባው። ሰው ሁሉ ያየኝ መሰለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ተራዬ ደረሰ። ሚጢጢ ቀና አለች። ፊቷ ላይ ምንም የለም።

"ምን ልርዳዎት?" አለችኝ።

እርስዎ አለችኝ። እትዬ ሳይሆን፣ አንቺ ሳይሆን። አንዴ በጥፊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፍቶብኝ ነበር፤ የወጣው ይኼ ነው። "ጠበቃ፣ እርስዎም ይስሙ። ፍላሽዎን የበከልኩት እኔ ነኝ። ቫይረሱ የነበረው በገዛ ፍላሼ ላይ ነው። የእሷ ንጹህ ነበር፤ ሰርቄ የበከልኩትም እኔ ነኝ። እሷ ምንም አላጠፋችም። የተናገርኩት ሁሉ ውሸት ነበር።" ከዚያ ለእሷ ብቻ፣ "ይቅር በይኝ" አልኳት። "ቤቱም አልጠበበንም።"

ባለመነጽሩ ፕሪንተሩን የሚያስተካክል መስሎ ጀርባውን ሰጠን። ጠበቃው ጉሮሮውን ጠረገ።

ሚጢጢ እጇን ዘረጋች። ይቅርታውን ልትቀበል መስሎኝ እጄን ሰጠኋት። "ፍላሹን" አለች ቀስ ብላ። "የሚታተም ከያዙ ፍላሹን ይስጡኝ። እዚህ ሁሉም ፍላሽ መጀመሪያ ይመረመራል።"

የያዝኩት የእሷን ሰማያዊ ፍላሽ ነበር፤ ጠርጌ ልመልስላት። ሰጠኋት። ለብቻው የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሰካችው። ወረፋው ሁሉ እያየ ቆምኩ። ስንቱን ሰው እንዲህ አቁሜ ፈትሻለሁ፤ እኔ ስቆም ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሰከንዱ አያልቅም።

"ንጹህ ነው" አለች። ፍላሹን አንገቷ ላይ አጠለቀችና "ቀጣይ!" አለች።

ወጣሁ። መንገዱን ስሻገር ነው ያለቀስኩት።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

እኛም ጋ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ለብቻው አስቀመጥኩ። ከምንም ጋር አልተገናኘም። የገባ ፍላሽ ሁሉ እዚያ ያልፋል፤ የእኔም ጭምር። ደንበኛ ይነጫነጫል፤ ይነጫነጭ።

ባሌ እሑድ አክስቱ ጋ ሄዶ ነበር። ሚጢጢ አንድ ክፍል ተከራይታለች አለኝ። "ደህና ናት?" አልኩት። "ሄደሽ ጠይቂያት" አለኝ።

አንቲቫይረሱ ዛሬ በአንድ ተማሪ ፍላሽ ላይ ጮኸ። ጣቴ ወደ "ፍቀድለት" ሊሄድ ነበር። መለስኩት።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

አዲሱን መድኃኒት በየሰኞው ማዶ እወስደዋለሁ። ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ራሴን ራሴ ብመረምር ያው ነው፤ ዐይኔ የለመደውን አያይም። ስለዚህ ወረፋ እይዛለሁ፣ እሰጣታለሁ፣ ትመረምረዋለች፣ "ንጹህ ነው" ትለኛለች፣ እመለሳለሁ። ሌላ ቃል የለም። ባለመነጽሩ አይከለክልም፤ አሁንም ፈገግታው ቅቤ ነው፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አላምነውም። ግን ሻይ አዝዞልኝ ጠጣሁለት።

ዛሬ ሱቁ ባዶ ነበር። ሚጢጢ ፍላሹን ተቀበለችኝ፣ ወደ አሮጌው ኮምፒውተር ሄደች። ቆየች። ከወትሮው አበዛች። ምን አገኘች? ከየት ገባ? ትናንት ማን ነካው? በልቤ ሰውን ሁሉ አንድ በአንድ ቆጠርኩ፤ ዳይሬክተሯን፣ ተማሪውን፣ ባሌን ሳይቀር። አይለቀኝም፤ ምን ላድርገው?

ተመልሳ መጣች። ፍላሹን መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።

"ንጹህ ነው፣ እትዬ።"

እትዬ። ሰምቻለሁ? አዎ፣ ሰምቻለሁ። አፌ ላይ የመጣው ይህ ብቻ ነበር፦

"ለማንኛውም ሁለቴ ፈትሺው።"

ከተጣላን ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ዛሬ ነው።

"ሁለቴ ነው የፈተሽኩት" አለችኝ።